ጥሩ መምህር ነበር፣ ዳይሬክተር አደረጉት

ዛሬ ከሰዓት ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው አራት ነው፤ የመጀመሪያውን ሳንጨርስ መሸ። ጊዜውን ሁሉ የበላው የማርፈድ ጉዳይ ነው። የሚያረፍዱት ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዳይሬክተራችንም ያውቃል። ግን ለብቻ ጠርቶ ከማናገር ሁላችንንም ሰብስቦ መቆጣት ቀለለው።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ፊዚክስ ሲያስተምር የሌላ ክፍል ልጆች በመስኮት ተንጠልጥለው ይሰሙት ነበር። መሪ መምህር እስኪሆን ደረጃውን በላቡ ነው የወጣው። ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ ደረሰው፤ ቁልፍና ማኅተም ተረከበ፤ በቃ። በዚያው ሰሞን ንብረት ክፍል ገብቶ የንብረት ሠራተኛዋን «እትዬ፣ እስቲ አንድ ካርቶን ቾክ ይስጡኝ» አላቸው።

«መጠየቂያውን፣ ሞዴል 20ን ይሙሉና ይፈርሙ፤ ከዚያ እኔ የወጪውን፣ ሞዴል 22ን እቆርጣለሁ» አሉት፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት።

ቆሞ ቀረ። የንብረት አሠራሩን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ግራ ሲገባው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እንዴት እንደሚሆን እንጃ።

እኔን ይበልጥ የሚያበሳጨኝ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነው። ሁላችንም 90 ምናምን ነን። ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ሲያርም የሚያድረውም፣ ፕላን ሳይዝ ክፍል የሚገባውም እኩል። ዳይሬክተሩን ለምን ስለው «ከሰው ከምጣላ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሥራ ባልደረባን አስቀምጦ «እዚህ ላይ ጎድለሃል» ማለት ከባድ ነው። ግን እኮ ይህም እንደ ፊዚክስ ይማሩታል፣ ይለማመዱታል። እሱን ማን አለማመደው?

ሥልጠና ጠፍቶ አይደለም። የአሠራር ማሻሻያ እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፣ 1 ለ 5 አደረጃጀት መጣ። አዳራሽ፣ ሻይ፣ አበል፣ ከዚያ የሚሞላ ቅጽ። በክረምት የሚሰጥ የትምህርት ቤት አመራር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማም አለ። ችግሩ ብዙዎቹ መጀመሪያ ይሾማሉ፤ ኮርሱ ቢደርሳቸው እንኳ ከተሾሙ በኋላ ነው። ሹፌርን እንኳ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ መኪና አናስይዘውም።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ጣት የተቀሰረው መምህሩና ተማሪው ላይ ነበር። ትምህርት ቤቶቹን የሚመሩት ሰዎች መምራት የት ተማሩ ብሎ የጠየቀ ግን በእኔ ዙሪያ አልሰማሁም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሱፐርቫይዘራችን ጠርተውኝ ለምክትልነት እንድወዳደር ነገሩኝ። «ሥልጠና አለው?» አልኳቸው።

«ገብተህ ትለምደዋለህ» አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ አድርገው።

ለባለቤቴ ስነግራት የኃላፊነት አበሉ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሱንም አልጠየቅኩም።