ቶድሪ፦ የቅድስት ስም እንዴት ማንቋሸሻ ሆነ

እንግሊዝኛ ውስጥ ቶድሪ የሚባል ቅጽል አለ፣ በወሬ መሀል ብዙም አይሰማም። ዛሬ የሚባለው ለሚያብለጨልጭ ግን ለማይረባ፣ ለታይታ ብቻ ለተሠራ ነገር ነው። መነሻው ግን ቅድስት ናት!

ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ኤቴልድሬዳ የምትባል የንጉሥ ልጅ ነበረች፣ ሁለቴ ተድራም ድንግልናዋን እንደጠበቀች በመጨረሻ ንጉሥ ባሏን ትታ መነኮሰችና በ673 (በፈረንጆቹ) ኢሊ ላይ ገዳም መሠረተች። በ679 ስታርፍ አንገቷ ላይ ቀይ እባጭ ነበረባት። ቤዳ የሚባለው መነኩሴ በ731 በጨረሰው ታሪክ እንደጻፈው ሕመሙን በደስታ ነው የተቀበለችው፣ ለምን ቢባል ልጅ እያለች አንገቷን በሐብል ታስጌጥ ስለነበር የዛ ዋጋ ነው ብላ አምናለች።

ስሟ በሰው አፍ እየተሸራረፈ ኦድሪ ሆነ። ኢሊ ላይ በበዓሏ፣ ኦክቶበር 17፣ ትልቅ ገበያ ይቆም ነበርና እዛ የሚሸጠው የሐር የአንገት ክር (ማተብ አስቡ፣ ግን ለጌጥ) የሴንት ኦድሪ ክር ተባለ፤ ቶሎ ቶሎ ሲጠሩት የሴንት መጨረሻ ላይ ያለችው ት ወደ ኦድሪ ተሻገረችና ቶድሪ። ለንደን ያለው ቱሊ ስትሪትም ከሴንት ኦላቭ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ያኔ ገና ማንቋሸሻ አልነበረም። ሼክስፒር በ1611 አካባቢ በታየ ቴአትሩ ላይ አንዷ የገጠር ልጅ ቶድሪ ክር ልትገዛልኝ ቃል ገብተህ ነበር ስትል ከልቧ የሚያምር ነገር ፈልጋ ነው። እዛው 17ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ግን ቃሉ ለማንኛውም ርካሽ ብልጭልጭ መጠሪያ ሆነ። እኔን እውነት የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ሐብል በማድረጓ የተጸጸተች ሴት ስሟ የርካሽ ጌጥ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ!

በኋላ ደግሞ ከዕቃ አልፎ ወደ ሰው ሥራ ገባ፣ አሁን የእንግሊዝ ጋዜጦች የፖለቲከኛ የድብቅ ፍቅር ወይ የገንዘብ ቅሌት ሲወጣ ቶድሪ ይሉታል። ርካሽ ብቻ ብላችሁ እንዳትተረጉሙት ግን፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ተራ ሸሚዝ ቶድሪ አይባልም፣ ውድ ለመምሰል የውሸት ወርቅ ቁልፍ ሲደረድሩበት ነው የሚባለው።