ቴይለር ሸለቆን ዘግተን ስንወጣ

ካምፕ መዝጋት ከመክፈት ይከብዳል። ሲከፈት ሁሉም ትኩስ ነው። ሲዘጋ ግን ሰውነት ዝሏል፣ ጣት በብርድ ተሰነጣጥቋል። ሄሊኮፕተሩም አየሩ ሲፈቅድለት ይመጣል እንጂ የእኛን ድካም አያይም።

ያለነው አንታርክቲካ ነው፤ ማክመርዶ ከሚባለው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ በሄሊኮፕተር ባሕር ተሻግረው የሚደርሱበት ቴይለር ሸለቆ። ከአህጉሩ በረዶ ካልሸፈናቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ተራሮቹ ከአህጉሩ መሀል የሚመጣውን ግግር በረዶ ያግዱታል። ቁልቁል የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ደግሞ የወደቀችውን ጥቂት በረዶ ሳትቀልጥ ያተናታል። በበጋ፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ፣ ከግግር በረዶዎቹ ጠርዝ ውሃ ይወርዳል። የእኛ ሥራ ያንን ውሃ መለካት ነው።

ጥር ሲገባደድ ጅረቶቹ ይሳሳሉ። ፀሐይ ገና አትጠልቅም፤ ግን ዝቅ ብላ ስለምትዞር የተራራው ጥላ ይረዝማል። ጥላው ግግር በረዶው ላይ ሲያርፍ ውሃው ወዲያው ይቀንሳል። ያኔ ነው መለኪያዎቹን መዝጋት የምንጀምረው።

መጀመሪያ የውሃውን ከፍታ ዓለት ላይ ከተተከለው ቋሚ ምልክት አንጻር በእጃችን እንለካለን። ከዚያ ዳታ ሎገሩ፣ ማለትም ሳጥን ውስጥ ሆኖ ልኬቱን በራሱ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ከያዘው ቁጥር ጋር እናስተያያለን። ሁለቱ ካልተስማሙ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ቀጥሎ ውሃ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ይወጣሉ፤ ካልወጡ ክረምቱ ሲገባ በረዶው ይጨፈልቃቸዋል። የሳጥኑን ትንንሽ ብሎኖች በወፍራም ጓንት መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ጓንት ይወልቃል፣ አንድ ብሎን ይፈታል፣ እጅ ብብት ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። ማስታወሻ የምንጽፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይረጋል።

አንድ ጅረት እንዲህ ሲዘጋ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ ግን አንዷም ደቂቃ አትቆጨኝም። እዚህ ሸለቆ የረጅም ጊዜ የሥነ ምህዳር ጥናት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በዚያ አስር ዓመት ሸለቆው እየቀዘቀዘ፣ ጅረቶቹ እየከሱ፣ ሐይቆቹ እየጎደሉ ነበር። ከዚያ የ2001–02 በጋ መጣ። ሞቀ፣ ጅረቶቹ ሞልተው ፈሰሱ፣ ሐይቆቹም ለዓመታት ያጡትን በአንድ በጋ መለሱ። መሀል ላይ መዝገቡ ቢቋረጥ ኖሮ ይህንን ታሪክ ማን በትክክል ያነበው ነበር? እኛ ዛሬ የምናስረው ሳጥን የዚያው መዝገብ ቀጣይ ነው።

እንግሊዛዊው አሳሽ ሮበርት ስኮት እ.ኤ.አ. በ1903 እዚህ ሲያልፍ ሕይወት ያለው ነገር አላየም። አልፈርድበትም። ዛሬም ለዓይን የሚታየው ድንጋይና አሸዋ ነው። ግን ጅረቱ ሲደርቅ ወለሉ ላይ የሚቀረውን ጥቁርና ብርቱካንማ ስስ ምንጣፍ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የሳይኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች፣ ስብስብ ነው። ጠርዙ ደርቆ ተጠቅልሏል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። የሞተ ይመስላል፤ አልሞተም። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለት አስርት ዓመታት ያህል ውሃ ወዳላየ አሮጌ መውረጃ ውሃ መልሰው ነበር። ምንጣፉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንሰራራ። ለዚህ ነው ስንሄድ ከድንጋይ ድንጋይ እየመረጥን የምንረግጠው። የጫማ ዱካ እዚህ ለዓመታት አይጠፋም።

ወደ ካምፑ መመለሻ ላይ የደረቀ አቆስጣ (ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ) አለ። ከባሕር ርቆ እንዴት እዚህ እንደደረሰ እሱ ያውቃል። ጥርሱ ሳይቀር አለ፣ ነፋስ የሚመታው ጎኑ ብቻ ተልጧል። እንዲህ ያሉት አንዳንዶቹ መቶዎች፣ አንዳንዶቹም ከሺህ የሚበልጡ ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው። በዚህ ቦታ ምንም አይበሰብስም። ስለዚህ ምንም አንጥልም።

ምንም ስል በቁሙ ውሰዱት። አንታርክቲካን የሚጠብቀው የማድሪድ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1991 ተፈርሞ በ1998 ሥራ ላይ ውሏል። ቴይለርን ጨምሮ በዚህ አካባቢ ያሉት ደረቅ ሸለቆዎች ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሳቸው ልዩ የአስተዳደር ደንብ አላቸው። ሳህን የታጠበበት ውሃ በበርሜል ይወጣል። ሽንትም በጠርሙስ ተይዞ ይወጣል፤ ሜዳ ላይ ስንውል ጠርሙሱ ቦርሳችን ውስጥ ነው። ይሄ ሲሰማ ያስቃል፣ ሲኖሩት ግን ትክክል ነው።

የመጨረሻው ቀን የሚዛን ቀን ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ተመዝኖ ክብደቱ ይጻፍበታል፤ አብራሪው የሚጭነውን የሚወስነው በዚያ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ናሙናዎቹ ሄዱ፣ ቀጥሎ በርሜሎቹ፣ በስተመጨረሻ እኛና ድንኳኖቹ። ከመሳፈራችን በፊት መሬቱን በመስመር ቆመን አሰስን። የገመድ ቁራጭና የባትሪ ክዳን ተገኘ።

ማክመርዶ ስንደርስ ናሙናዎቹን ማቀዝቀዣ አስገባን፤ የዳታውንም ቅጂ በተለያዩ ቦታዎች አስቀመጥን። ወደ ኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች የሚወስደን አውሮፕላን በአየሩ ምክንያት ዘገየ፤ እኔን ጠቀመኝ። ለሚቀጥለው ቡድን የምተወውን ማስታወሻ ጨረስኩበት። የትኛው ጅረት ዳርቻው እንደተናደ፣ የትኛው የፀሐይ ፓኔል እንደደከመ፣ የትኛው ሳጥን ማጠፊያው እንደላላ ጻፍኩ። ከታች ደግሞ አሰመርኩበት፦ መለዋወጫ ኬብል ይዛችሁ ኑ፣ ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት መጀመሪያ ከቋሚው ምልክት ለኩ።