የክረምት ካርድ፣ ርካሽ ዋጋና በር ላይ የሚቆመው ሰው

ጎንደር ውስጥ የልጆች መጫወቻ ቦታ አስተዳድራለሁ። ባለቤቱ አጎቴ ነው። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ዥዋዥዌ፣ ሸርተቴ፣ ትራምፖሊን፣ በአየር የሚነፋ መዝለያ፣ ዙሪያውን የምትሽከረከር ትንሽ ባቡር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጎረምሶቹ የማይለቁት ጆተኒ። ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ዕቃው ነው። ከየት አመጣችሁት፣ ስንት ፈጀ፣ ያዋጣል ወይ። እኔ ደግሞ ማውራት የምፈልገው ስለ በሩ ነው። ማን በስንት ብር ይገባል፣ ገብቶስ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? የግቢው ፀባይ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ስንጀምር በየጨዋታው ነበር የምናስከፍለው። ሰልፉ አጭር፣ ጭቅጭቁ ግን ረጅም ነበር። ዝርዝር የለም፣ መልስ ጎደለ፣ "እኔ ሁለቴ ከፍያለሁ" ይባላል። ከሁሉ የሚከፋው ብሩ ያለቀበት ልጅ ነው። ወደ ቤቱ አይሄድም፤ መረቡን ጨብጦ ሌሎቹ ሲዘሉ እያየ ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ያለቅሳል፣ ከዚያ ታላቅየው ይመጣና ካላስገባችሁት ብሎ ይቆጣል። አሜሪካ ያለው ትልቁ የመዝናኛ ፓርክ ዲዝኒላንድም ለብዙ ዓመት በዚሁ መንገድ ነበር የሠራው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፈት ከመግቢያው ሌላ ለየጨዋታው ይከፈል ነበር፣ ቆይቶ እንደ ጨዋታው ደረጃ በፊደል የተለዩ ኩፖኖች መጡ፣ በ1982 ደግሞ ኩፖኑን ትተው አንዴ በር ላይ ማስከፈል ጀመሩ። ዋልተር ኦይ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1971 በር ላይ ነው ወይስ በየጨዋታው ማስከፈል የሚሻለው የሚለውን ጥያቄ ይዞ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትሟል። ለካ የእኛ የበር ጭቅጭቅ ምሁር ያስቸገረ ነገር ነው።

እኛም አንድ መግቢያ አደረግነው። ጭቅጭቁ በረደ፣ ሰልፉ ግን ሁሉም መዝለያው ላይ ሆነ። ልጅ ለእያንዳንዱ ሲከፍል ያስባል፤ አንዴ ከፍሎ ከገባ በኋላ ግን የሚፈልገው ምርጡን ብቻ ነው። ባቡሯ ባዶዋን ስትዞር ትውላለች።

የክረምት ካርዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከሐምሌ መግቢያ እስከ ጳጉሜን፣ በፈለገው ቀን የሚያስገባ ካርድ። አጎቴ ሐሳቡን ሲያመጣው ምክንያቱ ቀላል ነበር። ሰኔ ላይ ዕቃ ማደስ አለብን፣ ካርዱን ቀድመን ከሸጥን ብሩ በእጃችን ይገባል። ዋጋው የአራት ቀን መግቢያ ያህል ሆነ። እውነት ለመናገር በደንብ ተሸጠ።

ካርድ የገዛ ሰው ሲመለስ የሚከፍለው ዜሮ ነው። ዜሮ ብር ደግሞ የሰውን ፀባይ ይለውጣል። "ዛሬ ልሂድ ወይስ ልቅር?" የሚለው ጥያቄ ጠፍቶ "ሌላ የት እሄዳለሁ?" ይሆናል። ጎረምሳው ጆተኒውን ከቦ ከጠዋት እስከ ማታ ይጎለት ጀመር። ለስላሳ አይገዛም፣ አይዘልም፣ አይንሸራተትም፤ ይውላል ብቻ። ትንንሾቹ በእነሱ መሀል ማለፍ ፈሩ። አንዲት እናት ደግሞ ስድስት ዓመት የማይሞላውን ልጃቸውን በር ላይ አድርሰው ሊሄዱ ሲሉ፣ "እትዬ፣ ማን ይጠብቀዋል?" ብላቸው፣ "እናንተ አላችሁ አይደል እንዴ ወንድሜ? መንገድ ለመንገድ ከሚዞር እዚህ ይዋል" አሉኝ። ሒሳቡን ካሰላችሁት ትክክል ናቸው። ከሞግዚት ርካሽ ነበርን።

ይሄ የእኛ ሰፈር ጣጣ ብቻ አይደለም። ሲክስ ፍላግስ የሚባለው የአሜሪካ የመዝናኛ ፓርኮች ድርጅት ኃላፊ፣ ፓርኮቻችን በርካሽ ካርድ ምክንያት የጎረምሶች መዋያ ሆነዋል ብሎ አማርሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ቅናሹን ቆርጠው ዋጋ ሰቀሉ። የጎብኚው ቁጥር በ2021 ከነበረበት 27.7 ሚሊዮን ወደ 20.5 ሚሊዮን ወረደ። ከአንድ ሰው የሚያገኙት ብር ጨመረ፣ ጠቅላላ ገቢያቸው ግን ቀነሰ።

አጎቴ ይሄን ስነግረው "እነሱ ሌላ፣ እኛ ሌላ" አለኝና በቀጣዩ ክረምት የካርዱን ዋጋ ከእጥፍ በላይ አደረገው። ያየሁትን ልንገራችሁ። መምጣት የተዉት ሁለት ሦስት ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ ለአንድ ልጅ የሚቻለው ዋጋ ለሦስት አይቻልም። ጎረምሶቹ ግን አልቀሩም። አዋጥተው አንድ ካርድ ይገዙና ይዋዋሱታል፤ አንዱ ገብቶ ካርዱን በአጥር ለሌላው ያወጣለታል። ዋጋ መስቀል በጥባጩን የሚለይ መሰላችሁ? የሚለየው ኪሱ የሳሳውን ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨዋው ነው። ግቢው ግማሽ ባዶ ሲሆንም ሌላ ችግር ይመጣል። በባጃጅ የሚያልፍ ወላጅ ባዶ ግቢ ሲያይ አይወርድም።

ሰው የማያስተውለው አንድ ጥሩ ነገር ግን ካርዱ ነበረው፦ ዝናብ። የጎንደር ክረምት ይታወቃል፣ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዶፍ። ቲኬት የቆረጠ ሰው ዝናብ ሲመጣ አይወጣም። ብሬን ከፍዬ እንዴት እሄዳለሁ ብሎ ልጆቹን ይዞ ከቆርቆሮው ሥር ይጠለላል፣ ካባራ በኋላ ደግሞ ሁሉም በአንዴ እርጥቡ መዝለያ ላይ ሊወጣ ይጋፋል። የሚንሸራተተውም የሚጋጨውም ያኔ ነው። ካርድ ያለው ግን ሰማዩ ሲጠቁር "ነገ እንመጣለን" ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ካርዱን ጨርሶ መተው አልፈለግንም።

ወደ ጥበቃው ልምጣ። ጎረምሳው ሲበዛ መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ጡንቻ ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሁለት ወጣቶች ቀጠርን። በር ላይ ሰልፍ፣ ፍተሻ፣ "እጅህን አንሳ"። ውጤቱ አስቂኝ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ይዘው የመጡ አባት ፍተሻውን አይተው "ምን ተፈጠረ እዚህ?" ብለው ይመለሳሉ፣ ጎረምሳው ደግሞ ዱላ ሲያይ እልህ ይይዘዋል። ከጥበቃ ጋር መፋጠጥ ራሱ አንድ ጨዋታ ሆነላቸው፣ ያውም ሰልፍ የሌለው። የጥበቃዎቹን ደመወዝ ስናሰላው ከርካሹ ካርድ ያገኘነውን ትርፍ የሚበላ ነው። ርካሽ ካርድ የምትሸጡ ከሆነ የጥበቃውን ወጪ ዋጋው ውስጥ ክተቱት፤ አለዚያ ቅናሹን ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍሉት።

ቦታውን የቀየሩት ሌላ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ሰው፣ ጡረታ የወጡ፣ ሁሉም "ጋሼ" የሚላቸው። ዱላ የላቸውም። ጎረምሳ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ "የማን ልጅ ነህ?" በቃ። ልጁ የአባቱን ስም ከተናገረ በኋላ ውስጥ ገብቶ ሊጣላ ይከብደዋል፣ ማታ ወሬው ቤቱ ቀድሞት ይደርሳላ። ካርዱ ላይ ጉርድ ፎቶ እንዲለጠፍ ያደረግነውም ከእሳቸው ጋር ተማክረን ነው። "ጋሼ፣ ካርዴ ወንድሜ ጋ ነው" የሚለው ልማድ ያኔ ቆመ። ፎቶው ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ፎቶውን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል።

ቡሄ ሰሞን የእሳቸውን ዋጋ ታዩታላችሁ። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ጨፍረው ያገኟትን ብር ይዘው በቡድን ይመጣሉ፣ ጅራፋቸውን አንጠልጥለው። ጅራፍ ትራምፖሊን ላይ አስቡት! ዩኒፎርም የለበሰው ልቀማ ቢል ጠብ ነው። ጋሼ ግን "አምጣ፣ እኔ እይዝልሃለሁ፣ ስትወጣ ትወስዳለህ" ብለው ምስማር ላይ ይሰቅሉታል፣ ከዚያ "የማነው የተሻለ የሚጮኸው?" ይሏቸዋል። ሁሉም እየሳቀ ይሰጣል።

አሁን ካርዱን የምንሸጠው በመካከለኛ ዋጋ ነው፣ ሦስተኛ ልጅ ላለው ቤተሰብ ቅናሽ አለ። ዋናው ለውጥ ግን ካርዱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ነው። ርካሹ ካርድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ብቻ ያስገባል፣ ሙሉ ቀን የሚፈልግ ይጨምራል። ጠዋት ባዶ ሲሆን የነበረው ግቢ ሞላ፣ የከሰዓቱ ግፊያም ቀለለ። በፍልሰታ ይሄ አይሠራም፤ ልጆቹ ጠዋት ቤተክርስቲያን ናቸው፣ ከቅዳሴ ወጥተው ቀምሰው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ሰዓቱን ወደ ከሰዓት እናዞረዋለን።

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ልጅ ያለ ታላቅ አይገባም። ይሄን ሐሳብ ያገኘሁት ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለው ኖትስ ቤሪ ፋርም ከሚባል የመዝናኛ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ጎረምሶች ተደባድበው ፓርኩ ቀድሞ ከተዘጋ በኋላ፣ አርብና ቅዳሜ 17 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ 21 ከሞላው ሰው ጋር ካልሆነ አይገባም አሉ፣ አንዱ አዋቂም ከሦስት በላይ ይዞ አይገባም። እኛ ጋ 21 ብንል ማንም አይገባም። እዚህ ልጅ የሚያመጣው ወላጅ ሳይሆን ታላቅ እህት ወይ የቤት ሠራተኛ ናት፣ እሷ ራሷ 16 ትሆናለች። ስለዚህ ዕድሜውን ዝቅ አድርገን ሦስት የምትለዋን ብቻ ወሰድናት። የገረመኝ ታናሹን ይዞ የመጣ ጎረምሳ ነው። ያው ጆተኒ ላይ ሲሳደብ የነበረው ልጅ የእህቱን ጫማ ሲያስር ታገኙታላችሁ።

መዝለያው ላይ በአንዴ የሚወጣውን ልጅ ቁጥር ግን ለካርድም ለቲኬትም ለዘመድም አንለውጥም። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ሰው ሞልቶበት ተደርምሶ ወገኖቻችንን አጥተናል። ጎንደር ውስጥ "ትንሽ ጠጋ በሉ፣ ይበቃል" የሚል ሰው ሳይ አሁንም ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

አሁን ወላጆች የዓመት ካርድ አውጡልን እያሉ ነው። አጎቴ ደስ ብሎታል፣ እኔ እስካሁን እምቢ እያልኩ ነው። ትምህርት ሲጀመር ልጅ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው፣ የዓመት ካርድ ሁሉንም በእነዚያ ሁለት ቀን ያመጣብኛል፣ ጋሼ ደግሞ እሑድ ያርፋሉ። የማክሰኞና የሐሙስ ከሰዓት ብቻ የሚሠራ፣ ከትምህርት በኋላ የሚሉት ዓይነት ካርድ ብንሞክር እያልኩት ነው። እሱ ለዚያ ማን ይከፍላል ይለኛል፤ መስከረም ላይ በጥቂት ካርድ እንሞክረዋለን።