የስሜን ተራሮች የቡድን ጉዞ ዕቅድ፦ ከራስ ደጀን ማግስት ያለው ዳገት

የእግር ጉዞ ቡድናችን በቅርቡ አራቱን የስሜን ጫፎች፣ እሜት ጎጎን፣ እናትዬን፣ ቧሂትንና ራስ ደጀንን፣ በአንድ ጉዞ አዳርሶ በጤና ተመልሷል። ከተነሣነው መካከል በመንገድ የቀረ ሰው አልነበረም። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ በዚህ ውጤት እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ተመሳሳይ ጉዞ ለሚያስቡ ወገኖችም ይጠቅም እንደሆነ የተማርኩትን ለማካፈል ወድጃለሁ።

ዝግጅቱ እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ተጓዥ በእንጦጦ፣ በየረርና በወጨጫ የተጀመረ ነው። ቅዳሜና እሑድ እየወጣን እግራችንን አፍታታን፣ መዋጮ ሰበሰብን፣ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ተከራየን። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ወቅቱን በተመለከተ ግን ሐሳቤ የጸና ነው፦ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ሣሩ ገና ሳይደርቅና አየሩም አቧራ ሳይዝ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት በማደሪያ ሰፈሮቹ በግጭም ሆነ በጨነቅ ውሃ በጠርሙስ ውስጥ በረዶ ሊሆን እስኪደርስ ይበርዳልና፣ በታኅሣሥ የሚሄድ ቡድን የልብሱንና የመኝታውን ነገር ደግሞ ማሰብ ይኖርበታል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የአካባቢውን ጸጥታና የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ስካውት የሚባለውን የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ ሳይዙ መግባት ስለማይቻል ይህ ግንኙነት ቀድሞ ቢጀመር መልካም ነው።

የዕቅድ ሥራዬን ከሁሉ በላይ የለወጠው በአንድ ተራ ደብተር ላይ ያሰመርኩት ሠንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን ሦስት ቁጥሮችን ብቻ እጽፍበታለሁ፤ የምናድርበትን ከፍታ፣ በቀኑ የምንደርስበትን ከፍተኛ ነጥብ፣ እንዲሁም በቀኑ ውስጥ የምንወጣውን ዳገት ድምር። ኪሎ ሜትር አልጽፍም። በስሜን ተራሮች ላይ ኪሎ ሜትር ስለ ድካም የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በግጭ ሜዳ በጓሳ ሣርና በጅብራ ተክል መካከል የሚኬድ አምስት ኪሎ ሜትርና ከመሸሃ ወንዝ ወደ ቧሂት የሚወጣ አምስት ኪሎ ሜትር በስም ካልሆነ በቀር አይገናኙም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሠንጠረዡ ላይ እጅግ ያማሩ ናቸው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ላይ ናት። ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ ደግሞ 3,620 ሜትር አካባቢ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የሚመክረው የሕክምና መመሪያ በዚህ መንገድ ያለ ምንም ጭንቀት ይጠበቃል። ጫፎቹም ራሳቸው በደረጃ የተሰለፉ ናቸው፤ ከግጭ ወጥቶ ወደ ጨነቅ የሚወርድ ተጓዥ በመንገዱ 3,926 ሜትር የሆነውን እሜት ጎጎን፣ ቀጥሎም 4,070 ሜትር የሆነውን እናትዬን ረግጦ፣ ለማደር ግን ዝቅ ይላል። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በዚህ ዓይነት ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ በማደር ነው። ስለዚህ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ከደባርቅ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ገብቶ በማግስቱ 4,430 ሜትር ወደሆነው ቧሂት የሚወጣበትን ዕቅድ አጥብቄ እቃወማለሁ። የአዲስ አበባ ኗሪ በ2,350 ሜትር ላይ መኖሩ በመጠኑ ይረዳዋል እንጂ ከራስ ምታት፣ ከማቅለሽለሽና ከእንቅልፍ ማጣት ዋስትና አይሆነውም። ከባሕር ጠለል አቅራቢያ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን፣ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ በቡድኑ ውስጥ ካለ ደግሞ ጎንደር ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ማሳደር ተገቢ ነው።

ያስቸገረኝ ከጨነቅ በኋላ ያለው ክፍል ነው፤ ረጅም ጊዜ የወሰደብኝም እርሱ ነው። በዚህ አካባቢ ስለሚደረግ ጉዞ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ራስ ደጀን ያወራል፤ እኔም ዕቅዱን ስጀምር ዓይኔ ያረፈው በዚያው በ4,550 ሜትሩ ጫፍ ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ራስ ደጀንና ቧሂት በአንድ ሸንተረር ላይ የተያያዙ አይደሉም፤ በመካከላቸው መሸሃ ወንዝ የቆረጠው ጥልቅ ሸለቆ አለ። ከጨነቅ የተነሣ ሰው መጀመሪያ 4,200 ሜትር ያህል ወደሆነው የቧሂት መተላለፊያ 600 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከዚያ እስከ 2,800 ሜትር ድረስ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም 3,200 ሜትር ላይ ወዳለችው የአምቢቆ መንደር 400 ሜትር ያህል እንደገና ይወጣል። በማግስቱ ከአምቢቆ ራስ ደጀን ደርሶ መመለስ 1,350 ሜትር መውጣትና ያንኑ ያህል መውረድ ነው።

አሁን ከጨነቅ ከተነሣን በኋላ ያለውን የሦስተኛውን ቀን መስመር ተመልከቱ። ከአምቢቆ ወደ ጨነቅ መመለስ ማለት 400 ሜትር ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ከወንዙ እስከ መተላለፊያው 1,400 ሜትር መውጣት ማለት ነው። በዕቅድ ወረቀት ላይ «መልስ» ተብሎ በአንድ ቃል የሚታለፈው ቀን በኢትዮጵያ ትልቁን ተራራ ከተወጣበት ቀን የሚበልጥ ዳገት አለው። ያውም የሚወጣው በደከመ ጉልበት፣ ግቡ ከተመታ በኋላ፣ የቡድኑ ልብ ጎንደር ላይ ካለው ሙቅ ሻወር ዘንድ በሄደበት ሰዓት ነው። ይህን ቁጥር በደብተሬ ላይ ከደመርኩ በኋላ ዕቅዱን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ እንደገና ሠራሁት።

ሰዓቱን ለማስላት የተነሣሁት ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ካስቀመጠው ቀመር ነው። በእርሱ ስሌት ሰው በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገትም አንድ ሰዓት ይጨመራል። በስኮትላንድ ኮረብቶች ላይ ለጠና እግረኛ ይህ ይሠራ ይሆናል፤ ኦክሲጅኑ በሳሳበት ከፍታ ለሚጓዝ የተቀላቀለ ቡድን ግን እኔ በሰዓት 300 ሜትር ዳገት ብቻ እይዛለሁ። በዚህ ስሌት የመሸሃ ዳገት ብቻውን ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል፤ ዕረፍቱ ሲታከል ስድስት ይሆናል። ሌላም ነገር አለ። ይህ የቧሂት ጎን ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት ፀሐይ ከወጣችበት ደቂቃ ጀምሮ ጀርባ ላይ ታርፋለች፤ ከወንዙ በላይ ያለው ሸለቆም በጊዜ ይሞቃል። ስለዚህ ከአምቢቆ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሥተን ገና ሳይነጋ ወንዙን እንድንሻገር አደረግሁ። ለራስ ደጀን ሌሊት ተነሥቶ ለመልሱ ቁርስ በልቶ መነሣት የተለመደ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም ሌሊት መነሣትን ይሻሉ።

ቧሂትን ወደ መሄጃው አዛወርኩት። ጫፉ ከመተላለፊያው 230 ሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል ገና ጉልበት ባለበት ሰዓት ማለፍ ይቻላል፤ በመልስ ላይ ከ1,400 ሜትር ዳገት በኋላ «እግረ መንገዳችንን እንየው» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ከዚህም ሌላ ከጨነቅ አልፎ የሚሄደው የመኪና መንገድ በመተላለፊያው በኩል ስለሚያልፍ፣ ተሽከርካሪያችን ጨነቅ ሳይሆን እዚያው ላይ እንዲጠብቀን ተስማማን። ይህ ለደከመ ጉልበት 600 ሜትር ቁልቁለት ማትረፍ ነው። ሦስተኛው ጉዳይ ኮርቻ የተጫነች አንዲት በቅሎ ያለ ዕቃ ባዶዋን ማስከተል ነበር። በገንዘብ ሲታይ ትርፍ ወጪ መስሏቸው የተከራከሩኝ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ ነጥብ አልደራደርም፤ ከጤና ተቋም ርቆ ለሚሄድ ቡድን ባዶዋ በቅሎ እንደ አምቡላንስ መታየት አለባት።

አምቢቆ ላይ ያየሁት አንድ ነገር ይህን ሐሳብ አጽንቶልኛል። ከራስ ደጀን ወርደን አመሻሽ ላይ ጫማችንን እያወለቅን ሳለ፣ ባለበቅሎው ለማግስቱ የሚጫኑትን ከረጢቶች ሁለት ሁለቱን እያነሣ በእጁ ይመዝን፣ አንዱ ከከበደ ከላዩ ድስቱን ወይም የድንኳኑን ብረት አውጥቶ ወደ ሌላው ያዛውር ነበር። ለምን አሁኑኑ እንደሚያስተካክል ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ጭነት ካጋደለ በቅሎዋ ዳገቱ ላይ ትቆማለች፤ እናንተም ዛሬ በጊዜ ተኙ፣ የነገው ይብሳል» አለኝ። በዚያ ምሽት ጨዋታው ሳይረዝም ሁሉም ወደየድንኳኑ ገባ።

ስለ ምግብ የማካፍለው ጥቂት ቢሆንም አንዱን ሳልናገር አላልፍም። በ3,600 ሜትር ላይ ውሃ በ88 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ ነዳጅ ይጨርሳሉ እንጂ በወጉ አይበስሉም። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን በየትኛውም ከፍታ አያሳፍሩም፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙም ያለ ተጨማሪ ድካም ይሆናሉ። ከቡድናችን ታላቅ የሆኑት እትዬ በሶውን በማርና በውሃ በጥብጠው ከመነሣታችን በፊት ለእያንዳንዳችን ማደላቸውን ከማንኛውም ውድ የታሸገ ምግብ አስበልጬ አየዋለሁ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደባርቅ ተዛውረው ስለሰፈሩ በዚያ በኩል የሚገዛ ነገር አይኖርም፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከደባርቅ ጭኖ መነሣት ይገባል።

በአረማመድ ረገድ ዝግተኛው ሰው ከፊት እንዲሆን አድርገናል። ፈጣኖቹ መጀመሪያ አልወደዱትም። ፈጣን ሰው ከፊት ሲሆን ቆሞ ይጠብቃል፤ የዘገየው ሲደርስ ደግሞ ያረፈው ይነሣል፤ በዚህ መንገድ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ዕረፍት ሳያገኝ ይውላል። ማንም ቢሆን ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው ክርክር ሳይኖር ወዲያው ወደ ታች እንዲወርድም ከመነሣታችን በፊት ተስማምተናል።

እስካሁን ቡድኑን ማሳመን ያልቻልኩት በመጠባበቂያ ቀን ነው። በእኔ ፍላጎት ከራስ ደጀን በኋላ አምቢቆ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ማረፍ ነበረብን፤ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ያጠራቸው ሰዎች ስላሉ ግን ሳይሆን ቀርቷል። ፈቃድ የሚበቃው ቡድን ይህን ቀን ከየትም ቀንሶ ቢያስገባው አጥብቄ እመክራለሁ።

ቀጣዩ ጉዟችን ወደ ባሌ ተራሮች ነው። የባቱን ተራራና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን በአንድ ጉዞ ለመጨረስ አስበን በዚያው ደብተር ላይ አዲስ ሠንጠረዥ ጀምሬያለሁ። እዚያ የሚያሳስበኝ የመልሱ ዳገት አይደለም፤ የሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለና ሰፊ በመሆኑ ዝቅ ብሎ የሚታደርበት ቦታ ሩቅ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከአምባው ዝቅ ባለችው በዲንሾ ከተማ አድርጌ፣ አምባው ላይ የሚታደሩትን ወደ መጨረሻው ገፍቻቸዋለሁ።