የጋቢናው በር

ዛሬ ማታ ቤት ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁና ሳልወርድ ቀረሁ። ዝናቡ ጣራው ላይ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ነው የዋለው፤ ምክንያቱን ብጠየቅ የምመልሰው የለኝም። ከጎኔ ያለው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው። እማዬን ካደረስኩ በኋላ አልመለስኩትም። እሱን እያየሁ ቁጭ አልኩ።

እማዬ ወደዚህች ትንሽ መኪና የምትገባው በጀርባዋ ነው። በሩን እስከ ጥግ ትከፍትና ዞራ ትቆማለች። አንድ እጇን በሩ ላይ፣ ሌላውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ ራሷን ትለቃለች። የመጨረሻዋን አንድ ስንዝር እየተቀመጠች አይደለም፣ እየወደቀች ነው። ግራ እግሯን ታስገባለች። ቀኙን ግን ጉልበቷን ከነቀሚሷ በሁለት እጇ ይዛ፣ አንስታ ነው የምታስገባው። “በይ ሂጂ” ትለኛለች። መግባቱስ ይሁን። ስትወርድ ሁለቴ ሞክራ በሦስተኛው ነው የምትነሳው። እኔ እጄን ዘርግቼ እቆምና ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ሳያት ደስ እንደማይላት አውቃለሁ።

ባለፈው ጉዞ የወንድሜን ትልቁን ኤስዩቪ የተዋስነው ለዚህ ነበር። ሁላችንም “ለእማዬ ይመቻታል” ስንል ነበር። የጋቢናው በር ሲከፈት የመኪናው ወለል ጉልበቷ ጋ ነው። አየችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም። መርገጫውን ረግጣ፣ እጀታውን አንቃ ይዛ፣ ከኋላ ደግፌያት ወጣች። ያ አስተያየቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከጉዞው ስንመለስ የልብስ ስፌት ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። የእኛዋ ወንበር ከመሬት 51 ሳንቲም ነው። የወንድሜ 86። ከዚያ እማዬ ቤት ሄድኩና አልጋዋን ለካሁ፤ ማንም ሳይደግፋት የምትነሳው ከአልጋዋ ላይ ነውና። “መጋረጃ ልታሰፊልኝ ነው?” አለችኝ። 63 ሳንቲም። ትንሿ መኪና ትጥላታለች፣ ትልቁ ያስወጣታል። የሷ ቦታ መሃል ላይ ነው።

መኪና የሚሠሩ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። የተቀመጠ ሰው ዳሌ የሚያርፍበትን ነጥብ “ኤች ፖይንት” ይሉታል፤ ጣራውንም፣ መሪውንም፣ ፔዳሉንም ከዚያ ተነስተው ነው የሚለኩት። በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ግን ይህን ቁጥር ፈልጌ አጣሁት። የዕቃ መጫኛው ስፋት በሊትር ተጽፏል። እሱ እንዲያውም 20 በ10 በ5 ሳንቲም በሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሊትር በሚይዙ ጡብ መሳይ ነገሮች እየተሞላ ይለካል። ለሻንጣው ይህን ያህል ተጨንቀው የሰውን ጉልበት እንዴት ይዘሉታል? ይህ ያናድደኛል።

ትልቅ መኪና ማለት ሰፊ መኪና ማለት ይመስለኝ ነበር። የወንድሜ መኪና አካሉ በሻንሲ፣ ከሥር በሚሸከመው የብረት አጽም ላይ፣ የተጫነ ዓይነት ነው። ሻንሲው ከሥር ስላለ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ወንበሩና ወለሉ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጭኑ ወንበሩ ላይ አያርፍም፣ ጉልበቱ ወደ ላይ ይቀራል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ትልቁ ልጄ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ነው የተጓዘው። መሃል ላይ የነበረችው ልጄ ደግሞ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ያለፈበትን ጉብታ አንፈራጣ።

በአንጻሩ “ሆንዳ ፊት” የሚባለውን የጓደኛዬን ትንሽ መኪና አስባለሁ። ይህ መኪና በ2001 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የነዳጅ ታንኩ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው የተደረገው። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ቦታ ነጻ ሆነ። መቀመጫውን ወደ ላይ አጥፈሽ ከመደገፊያው ጋር ታስጠጊዋለሽ፤ ከወለል እስከ ጣራ ባዶ ይሆናል። ቤት የቀየርን ጊዜ የእማዬ ትልቁ አበባ ከነማሰሮው ቆሞ የሄደው እዚያ ውስጥ ነው። አንድም ቅጠል አልተቀነጠሰም። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣችው ሚኒ የምትባለው ትንሽ የእንግሊዝ መኪናም እንደዚያው ናት። ንድፍ አውጪዋ አሌክ ኢሲጎኒስ ሞተሩን በአግድም አስቀመጠው፣ ጎማውን 10 ኢንች አደረገው፤ 3 ሜትር ገደማ የምትረዝም መኪና አራት ሰው ያዘች። ጥበብ ማለት ይህ ነው እላለሁ። መጀመሪያ ሰውን አስቀምጦ፣ ብረቱን በተረፈው ቦታ ማስገባት።

በእርግጥ ትንሽ መኪና የማትሸሽገው ነገር አላት። የመጀመሪያው “ሆንዳ ፊት” ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2.45 ሜትር ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ራቭ ፎር፣ የቶዮታ መለስተኛ ኤስዩቪ፣ 2.69። ልዩነቱ ስንዝር ነገር ናት። መንገዱ ሲበላሽ ግን ያቺ ስንዝር ትታወቃለች፤ ፊቷ ነጥሮ ሳይረጋ ኋላዋ ይነጥራል። የወንድሜ መኪና ጉድጓዱን ውጦት ያልፍና፣ ከፍ ያለ ስለሆነ ደግሞ ጭንቅላታችንን ግራና ቀኝ ይወዘውዘዋል። እማዬ ያንን ሁሉ መንገድ እጀታውን አልለቀቀችም። ትንሿ ልጄም መስኮቱ ከፍ ብሎባት ውጭ ማየት ስላልቻለች አስመለሳት።

እንደ ራቭ ፎር ያሉት፣ እንደ ቤት መኪና ያለ ሻንሲ የተሠሩት፣ ወለላቸው ዝቅ ይላል። ለእማዬ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። አንዱን ሄጄ ለካሁት፣ 66 ሳንቲም። ልቤ ዘለለ። ለመግዛት አቅማችን የሚደርስባት ግን የዚያ ታናሽ ናት። እሷ ወንበሯ 62 ነው፣ ለእማዬ ልክ ነው። ነገር ግን የተሠራችው ሀችባክ በሚባሉት ትንንሽ የቤት መኪኖች መሠረት ላይ ስለሆነ የኋላ ወንበሯ ከእኛዋ በሁለት ጣት ቢሰፋ ነው። ሁለት የልጅ ወንበር ከታሰረ በኋላ ሦስተኛው ልጅ ትከሻውን የሚያስገባበት የለውም።

እማዬ ይህን ብትሰማ የምትለውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። “እኔን ተዉኝ፣ ልጆቹ ይመቻቸው” ትላለች። ስለዚህ ለሷ ብዬ እንደሆነ ሳታውቅ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ተነስታ ላያት እፈልጋለሁ። አንዴ ብቻ። ግን ምን ብዬ ልውሰዳት?