የተላጠ ቀለም ሲያብብ

ዛሬ ማታ ከአንድ አሮጌ የብረት በር ፎቶ ማንዳላ፣ ማለትም በአንድ ነጥብ ዙሪያ ቅርጹ እየተደጋገመ የሚሠራ ክብ ሥዕል፣ ስሠራ አመሸሁ። ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ፣ ዝገቱ ከሥር ብቅ ያለ በር ነው። ስልኬ ላይ ያየው ሰው "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ያልፈዋል። እንደ ፎቶ ከሆነ አልፈርድበትም። ለማንዳላ ግን ከእሱ የተሻለ ፎቶ ያለኝ አይመስለኝም።

የሚያምር ፎቶ ሁሉ የሚያምር ማንዳላ አይወጣውም። ይህን ያስተዋልኩት እያደር ነው። የፀሐይ መጥለቂያ፣ ጸጥ ያለ ሐይቅ፣ በደንብ የተነሳ ሰው፤ እነዚህ በራሳቸው ያለቁ ሥራዎች ናቸው። ስትቆርጣቸው ይጎድላሉ እንጂ አይጨምሩም። ሰማዩ ከተቆረጠ በኋላ ያው ለስላሳ ቀለም ነው፤ የሚይዝ መስመር የለውም። ፊት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። አንድ ዓይን 12 ቦታ ተደርድሮ ሲያፈጥብን የሚሰማን ደስታ ሳይሆን ጭንቀት ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የዛፍ ቅርፊት፣ የተላጠ ቀለም፣ ጅማቱ የጎላ ቅጠል ግን ምን ያህል እንደሚሰጡ! ብዙ መስመር፣ ብዙ የብርሃንና የጥላ ልዩነት፣ መጀመሪያና መጨረሻው የማይታወቅ ነገር። ማንዳላ የሚፈልገው ይህን ነው።

አሠራሩ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ፎቶሾፕ ላይ 3000 በ3000 ፒክስል የሆነ ባዶ ሸራ እከፍታለሁ። በቁመትም በአግድምም መሀሉን የሚያሳይ መስመር አስቀምጣለሁ። መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ እምብርቱ ነው። ከዚያ ከፎቶው ላይ እንደ ፒዛ ቁራጭ ያለ ቅርጽ እወስዳለሁ። ሹል ጫፉ እምብርቱ ላይ ያርፋል፤ ስፋቱ 30 ዲግሪ ነው። ያንን ኮፒ አደርግና በመስታወት እንደሚታይ ገልብጬ ከጎኑ አስቀምጠዋለሁ። ጥንዱ 60 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው። ጥንዱን በእምብርቱ ዙሪያ 60 ዲግሪ እያዞርኩ ስደግመው በ6 ጥንድ ክቡ ይሞላል። ኮንትሮል፣ አልትና ቲ የሚባሉትን ቁልፎች አንዴ ተጭኖ ማዞር ነው፤ ቀሪውን ሺፍት ጨምረን ስንጫን ፎቶሾፕ ራሱ ይደግመዋል። የመዞሪያዋ ነጥብ ቁራጩ መሀል ሳይሆን ሹል ጫፉ ላይ መሆኗን ማየት ያስፈልጋል። በአዲሶቹ የፎቶሾፕ ስሪቶች ይህች ነጥብ ተደብቃ ነው የምትመጣው። ከላይ ካለው ሜኑ ማብራት ይቻላል።

ለምን 30? 360ን ለ30 ስናካፍል 12 ይወጣል፤ ተጋማሽ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የመስታወት ጥንዱን ያገኛል። 40 ዲግሪ ብንወስድ 9 ቁራጭ ይሆንና አንዱ ያለጥንድ ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ ሥዕሉ ይጋጫል። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሰው ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1817 የፈጠራ መብት ያወጣለት ካላይዶስኮፕም የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው። በቱቦ ውስጥ ሁለት መስታወቶች ጥግ ሠርተው ይቆማሉ፤ ከፊታቸው ያለው ስባሪ መስታወት ክብ አበባ ሆኖ ይታያል። እኔ ዛሬ በኮምፒውተር የማደርገው የእሱን ሥራ ነው። ልዩነቱ የእሱ መስታወት አንዴ ከተነቀነቀ ያንኑ ሥዕል አይመልስም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ።

ቁራጩን ከመገልበጤና ከማባዛቴ በፊት ፎቶውን ስማርት ኦብጀክት አደርገዋለሁ። ጥቅሙ ይህ ነው፤ 12ቱም ቁራጮች የሚያነቡት ከአንድ ምንጭ ይሆናል። ምንጩን ከፍቼ ፎቶውን ትንሽ ወደ ግራ ስገፋና ሴቭ ስል 12ቱም አብረው ይለወጣሉ። የምሽቱ ትልቁ ጊዜ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። እገፋለሁ፣ አያለሁ። አዞራለሁ፣ አያለሁ። በሩ ላይ አንድ ብሎን አለ፤ ዙሪያውን ዝገት ከቦታል። ብሎኑ ቁራጩ መሀል ሲገባ 12 ነጥቦች ሆኖ ክቡን ዞረ። ትንሽ ገፍቼ የቁራጩ ጠርዝ መሀል ለመሀል እንዲቆርጠው ሳደርግ ግማሹ ከመስታወት ግማሹ ጋር ገጠመ። አሁን 6 ሙሉ ብሎኖች ብቻ ቀሩ። 12 ሲሆን ዓይን ይበተን ነበር፤ 6 ሲሆን አረፈ። ይህችን ልዩነት ያመጣት በጣም ጥቂት ፒክስል ነው።

መስመሮች ላይም እንዲሁ ነው። ቀለሙ የተላጠበት ድንበር የቁራጩን ጠርዝ ቀጥ ብሎ፣ በ90 ዲግሪ ሲነካው፣ ከማዶው መስመር ጋር ሳይሰበር ይቀጥልና ቀለበት ይሆናል። ጋደል ብሎ ሲነካው ግን መገናኛው ላይ ይሾላል፤ ያኔ ኮከብ ይወጣል። ስለዚህ ለስለስ ያለ ነገር ስፈልግ ፎቶውን አዞርና መስመሮቹ ጠርዙን በ90 ዲግሪ እንዲነኩት አደርጋለሁ። ኃይል ያለው ነገር ስፈልግ አጋድላቸዋለሁ። የዛሬው ከሁለቱም አለው። መሀሉ ላይ ሹል ሹል ያለ የዝገት ኮከብ፣ ከእሱ ውጪ ሰማያዊ ቀለበት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ውኃ የወረደበት የዝገት ጭረት እንደ አበባ ቅጠል ተከፍቶ። በሩ ላይ ያ ጭረት ቆሻሻ ነበር የሚመስለው። ብርቱካናማው ከሰማያዊው ጎን ሲቆም ግን እንዴት እንደሚያበራ!

ይህን ሁሉ በአንድ ጠቅታ የሚጨርስ ፊልተር እንዳለ አውቃለሁ። ነፃ የሆነው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጊምፕም የካላይዶስኮፕ ፊልተር አለው። በብሩሽ ስንሥል ጭረታችንን በክብ የሚደግም ማንዳላ የሚባል አማራጭም አለው፤ ለሚጀምር ሰው ደስ ይላል። እኔ ግን በእጄ መሥራቱን እመርጣለሁ። ፊልተሩ ውጤቱን ይሰጠኛል። የቱ መስመር የቱን እንደነካ ግን አያሳየኝም፤ እኔን ደግሞ ያስመሸኝ እሱ ነው።

ካርል ዩንግ የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ በየጠዋቱ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ትንሽ ክብ ሥዕል ይሥል ነበር። የዚያን ቀን ውስጡ ምን እንደሚመስል የሚያየው በእሷ ነበር። ስለ ሥነ ልቦናው ብዙ የምለው የለኝም። ልማዱ ግን ይገባኛል። ቀኑን ሙሉ ሐሳቤ ወዲያ ወዲህ ሲል ውሎ፣ ማታ አንድ ነጥብ መሀል ላይ አድርጌ ሌላውን ሁሉ በእሷ ዙሪያ ሳስቀምጥ ትንፋሼ ራሱ ይረጋል። ሲደክመኝ መሀሉን ጠባብና ጨለማ አድርጌ እንደምተወው አይቻለሁ። ደህና በዋልኩበት ቀን ደግሞ ብርሃኑን ወደ መሀል እገፋዋለሁ። አስቤበት አይደለም፤ ኋላ ፋይሎቹን ጎን ለጎን ስከፍታቸው ነው የሚታየኝ።

የቲቤት መነኮሳት በባለቀለም አሸዋ የሚሠሩት ማንዳላ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይፈጃል። ሲያልቅ ጠርገው ወራጅ ውኃ ውስጥ ይጨምሩታል። ፊት ይህ ነገር ይከብደኝ ነበር። አሁን በመጠኑም ቢሆን ቀርቤዋለሁ። ፎቶውን በገፋሁ ቁጥር ያለው ሥዕል ይሄዳል፤ ሌላ ይመጣል። ሁሉንም ላስቀምጥ ብል መሥራቱ ይቀራል። ስለዚህ ደስ እያለኝም አሳልፋቸዋለሁ፤ የማስቀምጠው አልፌው ልመለስበት የፈለግሁትን ብቻ ነው።

ጥቂት ነገር ለራሴ ልጻፍ። ቁራጩን ከ30 ዲግሪ ጥቂት ሰፋ አድርጎ መቁረጥ፤ አለበለዚያ በቁራጮቹ መሀል ፀጉር የመሰለ ነጭ መስመር ይታያል። የዞረን ነገር ደጋግሞ አለማዞር፤ ምስሉ እያደር ይደበዝዛል። ያለቀውን በፒኤንጂ የምስል ፋይል ማውጣት፣ ዋናውን የፎቶሾፕ ፋይል ግን ከነሌየሩ (ከነንብርብሩ) ማቆየት።

የዛሬውን አስቀምጬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል፤ ሰማያዊው ቀለበት ወፍራም ነው። ነገ ፎቶውን ከፍ አድርጌ ኮከቡን ላሰፋው። ከዚያ ያንኑ በር በ45 ዲግሪ፣ በ8 ቁራጭ እሞክረዋለሁ። ቁራጩ ሰፋ ስለሚል ጭረቱ ሳይቆረጥ ሙሉ ለሙሉ የሚገባ ይመስለኛል።