ቢዲኤንኤፍን አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንደሠራንበት

አሥር ማይክሮግራም ደረቅ ፕሮቲን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ብልቃጧን ወደ መስኮት አዙረው አዩና «ልጄ፣ ባዶ ዕቃ ነው የላኩልሽ» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ አለበት። ብቻ እንዳይከፍቷት» አልኳቸው። ፕሮቲኑ ክዳኑ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመከፈቷ በፊት ወደ ታች እንዲወርድ ሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን) ውስጥ ትንሽ ትዞራለች።

ቢዲኤንኤፍ (BDNF) የነርቭ ሴሎች እንዳይሞቱ፣ ቅርንጫፍ እንዲያወጡና እርስ በርስ እንዲገናኙ የሚያግዝ ፕሮቲን ነው። ኢቭ-አላን ባርድና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. ከአሳማ አንጎል አጣርተው አወጡት። ቀድሞት የተገኘው ዘመዱ፣ ኤንጂኤፍ (NGF) የተባለው የነርቭ እድገት ፕሮቲን፣ ደግሞ ለሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ለስታንሊ ኮኸን የ1986ቱን ኖቤል አስገኝቷል። ዛሬ የአሳማ አንጎል መሰብሰብ ቀርቷል። የሰው ጂን ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ያመርታል፣ ከዚያ ተጣርቶ ይደርቃል። የበሰለው ቢዲኤንኤፍ በሰውና በአይጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ በአይጥ ሴል የሚሠራም ይህንኑ መግዛት ይችላል።

የእኛ ላብራቶሪ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ነው። ዕቃ ከውጭ ሲመጣ የሚፈጀውን ጊዜ እዚህ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ደረቁን የመረጥነው ለዚህ ነው፤ መንገድ ላይ መቆየትን ከፈሳሹ በተሻለ ይችላል። ለትራንዚተራችንም አስቀድመን ደብዳቤ ሰጠነው። ለምርምር ብቻ እንደሆነ፣ መድኃኒት እንዳልሆነ፣ በሽታ እንደማያስተላልፍ ይላል። «ሰው» የሚል ቃል ስሙ ላይ ያለበት ዕቃ ጥያቄ ያስነሳል።

ዋናው ፈተና ግን ጉዞው አይደለም፣ የቲዩቡ ግድግዳ ነው። ቢዲኤንኤፍ ፖዘቲቭ ቻርጅ የበዛበት ፕሮቲን ነው። መስታወትም ፕላስቲክም ላይ ይለጠፋል። በቀጠነ ቁጥር ደግሞ የሚጠፋው ድርሻ ይበዛል። ሴሉ ላይ ያደረግከው ይመስልሃል፣ ለካ ግማሹ ቲዩቡ ላይ ቀርቷል። መፍትሔው አልቡሚን ነው፤ ግድግዳውን በእሱ ፈንታ የሚይዝ ርካሽ ፕሮቲን። እኛ 0.1 በመቶ አልቡሚን ባለው ንጹሕ ፒቢኤስ (ለሴል የሚስማማ የጨው ውሃ) 100 ማይክሮሊትር ውስጥ አሟሟነው። የእናንተ አምራች ሌላ ፈሳሽ ሊያዝ ይችላል፤ ወረቀቱን አንብቡ። ቮርቴክስ (መናወጫ ማሽን) አያስፈልግም፣ በጣት መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ከዚያ ወዲያው ፕሮቲን ብዙም በማይለጠፍባቸው ቲዩቦች አሥር አሥር ማይክሮሊትር ከፋፈልነው። አንዱ ቲዩብ አንድ ማይክሮግራም ይይዛል። በሚሊሊትር 50 ናኖግራም ለመስጠት ለ20 ሚሊሊትር ሚዲያ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ይበቃል። የተከፈተ ቲዩብ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። ቢተርፍም ይጣላል። ያንገበግባል፣ ግን እየቀዘቀዘና እየቀለጠ የደከመ ፕሮቲን ከዚያ በላይ ያከስራል።

መብራት ሲሄድስ? ጄኔሬተር አለን፣ አንዳንዴ ግን ይዘገያል። ቲዩቦቹን ዲፕ ፍሪዘሩ ታች፣ በቀዘቀዙ የበረዶ ጥቅሎች መሃል አስቀመጥናቸው። በራሱ በረዶውን እያቀለጠ የሚያጸዳ የቤት ፍሪዘር ፈጽሞ አይሆንም።

ሴሎቻችን ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ ይባላሉ፤ ከሰው ኒውሮብላስቶማ (የነርቭ ሴል ካንሰር) የመጡ ናቸው። ቢዲኤንኤፍን እንዲሁ ብትሰጧቸው እምብዛም አይሰሙም፤ ትሪክቢ የተባለው ተቀባይ በበቂ መጠን የላቸውም። በሩ ሳይኖር ማንኳኳት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተቀባዩን እንዲያወጡ 10 ማይክሮሞላር ሬቲኖይክ አሲድ (ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ ነገር) ለአምስት ቀን ያህል ይሰጣቸዋል። ብርሃን ስለሚያበላሸው በፎይል እንሸፍነዋለን። ተቀባዩ ከወጣ በኋላ ሴረም (የደም ፈሳሽ) በሌለው ሚዲያ ቢዲኤንኤፍ ይከተላል። ሬቲኖይክ አሲድ ብቻ ያገኙ ሴሎች፣ አልቡሚን ብቻ የተጨመረላቸውም ጎን ለጎን ይኖራሉ። «ፕሌት (የሴል ማሳደጊያ ሳህን) ለምን ታባክናላችሁ» ያለን አልጠፋም። ያለ እነሱ ግን ቅርንጫፉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም።

ስለ ከፍታ የሚያወራ ሰው ብዙም አላገኘሁም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መጽሐፉ ሴሎቹ የሚያድጉበትን ኢንኩቤተር 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ አድርጉ ይላል። እዚህ ያ 5 በመቶ በግፊት ሲታሰብ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሚዲያው ወደ አልካላይን ያዘነብላል፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ወደ 6.5 በመቶ ገደማ ስናወጣው ቀለሙ ተስተካከለ፣ ሴሎቹም ተረጋጉ። ማሽናችሁ ግፊቱን ራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ግን አትንኩት፤ መመሪያው ላይ ይጻፋል።

ፕሮቲኑ ነፍስ እንዳለው ለማወቅ ቀናት መጠበቅ አይገባም። ቢዲኤንኤፍ ሰጥቶ ከደቂቃዎች በኋላ ሴሉን ሰብሮ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን ለይቶ እንደ መስመር፣ ማለትም ባንድ፣ በሚያሳይ ዘዴ) ፎስፎ-ኢአርኬን፣ ማለትም መልእክቱ ሴሉ ውስጥ መድረሱን የሚያመለክተውን ፕሮቲን፣ ማየት ይቻላል። ባንዱ ቢዲኤንኤፍ ካላገኘው ሴል ደምቆ ከወጣ ፕሮቲኑ ይሠራል። እኔ አዲስ ብልቃጥ በተከፈተ ቁጥር ይህን ሳላደርግ ፕሌት አልዘራም።

የሚቀረው ቅርንጫፍ መለካት ነው። አሰልቺ ነው፣ ዓይንም ያደክማል። ሁለት ሰው ለየብቻ ይለካል፣ የትኛው ቢዲኤንኤፍ እንዳገኘ ሳያውቅ። እኛ ጋ ፕሌቱን በኮድ የምትሸፍነው ከሌላ ቡድን የመጣች ልጅ ናት። ልኬቱ እስኪያልቅ ዝርዝሩን አታሳየንም፤ ብንለምናትም።